ማን አየኝ?

ስለ ጋሽ እንፋሎት ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰውየውን በደንብ አላውቃቸውም። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ሰባት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል፤ የማውቀው ግን እግራቸውን ነው። ከአልጋ እስከ መስኮት ዘጠኝ እርምጃ፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ዘጠኝ እርምጃ። የሚራመዱት ከራሴ በላይ ነውና ሳልወድ ቆጥሬዋለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርክ?» «እንዴት አደሩ?» ተባብለን፣ ግድግዳውን ታክከን እንተላለፋለን። ከዚያ አልፌ ሰው ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ሌላ ሰው ግን አላየውም፤ ጥፋቱም ገሚሱ የእኔ ነው።

«እንፋሎት» ቅጽል ስማቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቦይለር ሲጠብቁ ኖረዋል። ቦይለር ማለት ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ፣ አንድ ክፍል የሚያህል የብረት ጋን ነው። ፋብሪካው ማሽኑን ለውጦ «ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ ነው» ሲል ጋኑ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

እኔ የምውለው ከሕንፃው ሥር፣ ደረጃው በሚያልቅበት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ካልመቱት የማይሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት ወንበር አለኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለሥራ ፈላጊ ገጽ እከፍታለሁ። ገጽ የምለው ሠራተኛ ፎቶውን፣ የሠራበትን ቦታና የሚችለውን ሙያ የሚያሰፍርበት፣ ቀጣሪ ደግሞ ገብቶ የሚያይበት ድረ ገጽ ነው። ሰው ሁሉ «ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እስካሁን ለአርባ ምናምን ሰው ከፍቻለሁ። ሦስቱ ተደውሎላቸዋል። አንዷ ሥራ ይዛለች፤ አንዱ ጋ የደወለው ሰው የውሃ ማጣሪያ ሊሸጥለት ነበር፤ ሦስተኛው ምን እንደ ሆነ ተመልሶ አልነገረኝም። ስለዚህ «እንጃ፣ መሞከር ነው» እላለሁ። ማመልከቻ ይዞ ከበር በር መንከራተት ከዚህ እንደማይሻል ግን አውቃለሁ፤ የእኔኑ ትየባ ዘበኞች ዳቦ ጠቅልለውበት አይቻለሁ።

ጋሽ እንፋሎትን ወደ እኔ ያመጣቻቸው ባለቤታቸው ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ የጽዳት ተቆጣጣሪ ነች፤ ዕድሜያችን እኩል ስለ ሆነ «አንተ» «አንቺ» እንባባላለን። አንድ ቀን ከሰዓት ክርናቸውን ይዛ እየገፋች አስገባቻቸው።

«ይኸውልህ፣ አመጣሁልህ» አለችኝ። «ከዛሬ ወዲያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲቆጥር ባየው አብጄ ነው የምሞተው።»

«ግድግዳው አራት ነው፤ ቆጥሬ ጨርሻለሁ» አሉ ጋሽ እንፋሎት።

«አዎ፣ አሁን ጣሪያውን ጀምረሃል።»

ፎቶ ላነሳቸው ነጭ አንሶላ ዘርግቼ አቆምኳቸው። አሻራ ሊሰጥ እንደ መጣ ሰው እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ቆሙ።

«ፈገግ ይበሉ እንጂ ጋሼ።»

«ለማን?»

እንደ ቆሙ አነሳኋቸው።

ከዚያ ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸውና አሥር መስመር ያህል ጻፍኩ። ስለ ቦይለር ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በየሰዓቱ ግፊቱን ከመለኪያው አንብቦ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ውሃው ከመስመሩ እንዳይወርድ መጠበቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩን መፈተሽ። «ሴፍቲ ቫልቭ የቦይለሩ አፍንጫ በለው» አሉኝ። «ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ዝገት ይዞት ተጣብቆ እንዳይቀር በሳምንት አንዴ እጀታውን ስበህ ታስጮኸዋለህ። ሲጮህ ጆሮ ያደነቁራል። ካልጮኸ ግን ጋኑ ቦምብ ነው።»

ገጹ በመጨረሻ «ሙያዎችዎን ይምረጡ» ብሎ ዝርዝር ያቀርባል። ቦይለር ማንቀሳቀስ የሚለውን ነካሁ፤ ግፊት ማንበብ፣ ውሃ ማከም፣ ሴፍቲ ቫልቭ መፈተሽ። እዚህ ስደርስ ጋሽ እንፋሎት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ይሄን ተወው» አሉ።

«ለምን ጋሼ? ዋናው ነገር ይሄ ነው ሲሉኝ አልነበር?»

«ተወው።»

«አትስማው» አለች ባለቤታቸው። «ዓይን አፋር ነው። በገዛ ሠርጉ እንኳ ፎቶ ሲነሳ ከአምድ ጀርባ ነው የቆመው፤ ብቻዬን ያገባሁ ነው የምመስለው።»

እኔም ትሕትና መሰለኝ። እሳቸው ወደ በሩ ዞር ሲሉ ነካሁት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስከፍት ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ስልካቸው አሮጌ ስለ ሆነ ገጹ የሚታየው በእኔ ኮምፒውተር ነው። ገና ሳይቀመጡ «ማን አየኝ?» ይላሉ። ገጹ ስንት ሰው እንደ ተመለከተው፣ ማን ማን እንደ ሆኑም ይናገራልና ነው።

«ማንም አላየዎትም ጋሼ።»

ይህን ስላቸው ትንፋሻቸውን ጵስስ አድርገው ይለቁታል። ሌላው ሥራ ፈላጊ ማንም አላየህም ሲሉት ፊቱ ይጠቁራል፤ እሳቸው ግን ትከሻቸው ይረግባል። «እንግዲህ ነገ» ብለው ይወጣሉ። ይህን ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ መጠየቅ ግን አልቻልኩም።

በዘጠነኛው ቀን ገጹ «ሦስት ሰዎች ተመልክተውዎታል» አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱ ቀለም ሻጭ ነው። አንዷ የሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ኃላፊ ናት። ሦስተኛው የእሳቸው ፋብሪካ የቀድሞ ቦይለር ጠባቂ ነው። ሦስተኛውን ሳነብ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«አትንካው» አሉ።

እጄ ግን ቀድሞኝ ነክቶት ነበር። የሰውየው ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ፤ ግራ እጁ ባዶ፣ ቀኝ እጁ ጓንት ውስጥ ነው።

«ጓንቱ» አሉ ጋሽ እንፋሎት በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

«ያውቁታል?»

«ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ‹ጓንቱ› ነበር የምንለው፤ ጓንት አያወልቅም፤ ዳቦ እንኳ በጓንት ነው የሚበላው። ‹እጄን ከሚስቴ በቀር ማንም አያየውም› እያለ ያስቀን ነበር።» ሊስቁ ሞከሩና ተዉት። «ያኔ የሚያጠልቀው ሁለቱንም ነበር።»

«ታዲያ አሁን ለምን አንዱን ብቻ?»

ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተክሎ፣ «እኔ እንዳየሁት እሱ ያውቃል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ስሕተት የገባኝ። ገጹ የተከፈተው በእሳቸው ስም ነው። እሱ ሲያያቸው ለእኛ እንደ ነገረን፣ እኛ ስናየውም ለእሱ ይነግረዋል።

«ያውቃል ጋሼ» አልኳቸው።

«አጥፋው።»

«አይጠፋም። አንዴ ታይቷል።»

የወንበሩን መደገፊያ ለቀቁ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «የፈሩት ይደርሳል» አሉና ወጡ። ያን ቀን ከራሴ በላይ ያለው እግር አላቋረጠም። ከአልጋ እስከ መስኮት ዘጠኝ፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ዘጠኝ።

በማግሥቱ ሌላ ነገር መጣ። በዚህ ድረ ገጽ አብሮህ የሠራ ሰው ካሰፈርካቸው ሙያዎች የትኛውን እንደምታውቅ ሊመሰክርልህ ይችላል። ጓንቱ መስክሮላቸዋል። ከአራቱ ሙያዎች ግን የመሰከረው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ሴፍቲ ቫልቭ መፈተሽ።

ሳነብላቸው ጋሽ እንፋሎት በወረቀት ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ። ካርቶኑ ሥራቸው ሟሸሸ፤ አላስተዋሉትም።

«ተወው ብዬህ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በቁርጥራጩ ነገሩኝ፤ እዚህ የማስቀምጠው አገጣጥሜ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ቫልቩ የሚፈተሸው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ማሽኑ ሲቆም ነው፤ ከቦይለር ጠባቂው ሌላ ሰው አይኖርም። ያን ቅዳሜ ተራው የጋሽ እንፋሎት ነበር። ሰኞ ጠዋት ተረኛው ጓንቱ ነው። ረፋዱ ላይ ግፊቱ ወጣ፤ ቫልቩ አልተከፈተም። የአንድ ቧንቧ መጋጠሚያ ፈንድቶ እንፋሎቱ የጓንቱን ቀኝ እጅ ከነጓንቱ ቀቀለው። መርማሪዎች መጡ፤ መዝገቡን ገለጡ። ቅዳሜ፣ «ተፈትሿል፣ ይሠራል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። እንግዲያው ጥፋቱ ግፊቱን ያልተከታተለው የሰኞው ሰው ነው ተባለ። ጓንቱ እጁ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ከሥራ ተባረረ።

«የፈረደበት መዝገቡ ነው» አሉኝ። «ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ መዝገብ አይዋሽም አሉት።»

ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ሌላ ነገር ጨመሩ። «ቦይለር ቤት ሁሉ ያለ አንድ በሽታ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ቁጭ ብለህ የአሥር ሰዓቱን ትሞላዋለህ። ግፊቱ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው፣ ምን ይለወጣል ትላለህ። ‹ቀድሞ መሙላት› እንለዋለን። ሁሉም ያደርገዋል።»

«እርስዎም?»

«ሁሉም አልኩህ እኮ።»

የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ የሚቀዳ ነገር ግን አልነበረም።

በዚያ ሳምንት የሆነ አንድ ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። ጋሽ እንፋሎት ከእኔ ጋር ተቀምጠው ሳለ አንድ ረጅም ሰው በሩን ሞልቶ ገባ። ቀኝ እጁ ላይ ወፍራም ጥቁር ጓንት አለ፤ ግራው ባዶ ነው። ጋሽ እንፋሎት ተነሥተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ምን ላደርግ እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ሰውየው ሁለታችንንም አየን፤ ከዚያ ግራ ጓንቱን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«መንጃ ፈቃድ ኮፒ ፈልጌ ነበር» አለ። «ምነው፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል እንዴ?»

ሞተረኛ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ግን እባቡን ገና አላየነውም ነበር። ኮፒውን ሳደርግለት ሁለቴ አጣመምኩት።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጓንቱ ጻፈ። ለጋሽ እንፋሎት የምስክርነት ጽሑፍ ነው የላከው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ገጹ ወዲያው አያወጣውም፤ «ይቀበሉታል ወይስ ይደብቁታል?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ጽሑፉ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ስላነበብኩላቸው በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ከዚህ ሰው ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቫልቭ ይፈትሽ እንደ ነበር ፊርማው ይመሰክራል።»

ባለቤታቸው የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች መጥታ ነበርና ሰማች። «እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነው! በዚያ ሁሉ መከራ ላይ ያንተን ውለታ አልረሳም። ተቀበለዋ!»

ጋሽ እንፋሎት እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ መሬቱን አየሁ። «እኔ እመሰክራለሁ» አላለም፤ «ፊርማው ይመሰክራል» ነው ያለው። ሙገሳ ይሁን ቢላዋ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

«ደብቀው» አሉኝ ባለቤታቸው ከወጣች በኋላ።

«ብደብቀው እኮ እንዳልወጣ ያየዋል።»

«ብቀበለውስ?»

«ሁሉም ሰው ያነበዋል።»

«እንግዲያው ሳትነካው ይቀመጥ።» እንዲሁ ተቀመጠ።

የሆስፒታሏ ኃላፊ የደወለችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጋሽ እንፋሎት «ገጹን የጻፍከው አንተ ነህ፤ አብረኸኝ ና» አሉኝ። ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። የልብስ ንጽሕና ክፍሉ ከሕንፃው በታች ነው። ወለሉ ርጥብ ነው፤ በጋሪ የተቆለለ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባል፣ ተተኩሶና ታጥፎ በሌላው ይወጣል። ኃላፊዋ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች ወፍራም ሴት ናት፤ ስታወራም አንሶላ ማጠፏን አታቆምም።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለቻቸው። «ለዚህ ቦታ ከመጣልኝ ሰው አብዛኛው ‹የእገሌ ዘመድ ነው› የተባለ ነው። ዘመድ ቦይለር አይጠብቅልኝም። ገጽዎ ላይ ግን አብሮዎት የሠራ ሰው ለሴፍቲ ቫልቩ መስክሮልዎታል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ምን እንዳለ ያውቃሉ?» በእርሳሷ ወደ ጣሪያው አመለከተች። «ከቦይለሩ ራስ ላይ አርባ አልጋ አለ። መነሣት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር ቢፈጠር ሮጠው አያመልጡም።»

ጋሽ እንፋሎት ወደ ላይ ቀና ብለው አዩ። እኔም አየሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን በደንብ አላስታውስም። እኒህን ሰው ከአርባ አልጋ ሥር ያስቀመጣቸው ያ እኔ የነካሁት መስመር ነው። ለሴትየዋ «አንድ ጊዜ ልጠይቃቸውና ይቅጠሯቸው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስለማላውቀው ነገር ሰውን ከእንጀራው ላፈናቅል? ዝም ብዬስ የተኙ ሰዎችን ባስፈጅ? ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ እያሰላሰልኩ እሷ ተናግራ ጨረሰች።

«ለሰውየው ልደውልለትና እወስናለሁ» አለች።

«ስልኩ... ተቀይሮ ይሆናል» አሉ ጋሽ እንፋሎት።

«በገጹ እጽፍለታለሁ፤ ይሰጠኛል። ለዚህ ለዚህ አይደል የተሠራው?»

ከዚያ በኋላ ያለፉት አራት ቀናት ረጃጅም ነበሩ። ጋሽ እንፋሎት ጠዋት ይመጣሉ፤ «ማን አየኝ?» ማለት ግን ተዉ። ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይውላሉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የመንገደኛም ቢሆን፣ ጉልበታቸው ይዘላል። ባለቤታቸው ሸሚዝ ተኩሳ ሰቅላለች። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እያለች ታሾፋለች፤ ያም ሆኖ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ መልሳ ተኩሳዋለች። የቤቱን ወጪ ስምንት ወር ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ይህ ካመለጣቸው በዚህ ዕድሜ ሌላ በር እንደማይከፈት ታውቃለች። እኔ ደግሞ ከሥር ተኝቼ እግራቸውን እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ሰባት ላይ ይቆማሉ። ያኔ ነው ይበልጥ የምፈራው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አይተው ለእኔ አቀበሉኝ። «አንተ ስማልኝ» አሉኝ። ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቅኩት።

«እኒያ የቀድሞ ባልደረባዎ ግራ የሚያጋቡ ሰው ናቸው» አለች ኃላፊዋ እየሳቀች። «ስለ ሙያዎ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ስልኩ ተቋረጠ ብዬ ልዘጋው ስል ‹ቦይለሩ የት ነው ያለው?› አሉኝ። ከበሽተኞች ክፍል ሥር አልኳቸው። ‹ቫልቩ ሲከፈት ድምፁ ላይ ድረስ ይሰማል?› አሉ። እንዴት አይሰማም፣ የተኛ ሁሉ ይነቃል አልኩ። ‹ቅዳሜም ሰው አለ?› አሉ። ሆስፒታል ቅዳሜ የለው፣ እሑድ የለው፤ ሰው ሁልጊዜ አለ አልኳቸው። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹እንግዲያው ቅጠሩት› ብለው ዘጉት።» ሳቋን ጨረሰች። «ሰኞ ይምጡ።»

ጋሽ እንፋሎት ስልኩን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። «ደስ አላለዎትም?» አልኳቸው። «ጮክ ብለህ አታውራ» አሉኝ። ባለቤታቸው ስትሰማ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ እሳቸው ግን ያን ቀን ከአልጋ እስከ መስኮት መመላለሳቸውን አልተዉም።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ይጠቅማል ወይ?» ሲለኝ መልሴ ዘግየት ይላል። ለጋሽ እንፋሎት ሥራ አስገኝቷል፤ ይህን አልክድም። የጓንቱ ጽሑፍ ግን አሁንም ገጹ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። አይቀበሉትም፣ አይደብቁትም። ገጹን ልዝጋው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ይቆይ» አሉ።

በሥራቸው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዐርብ ከሰዓት፣ የመዝገብ ቅጽ አሠሩኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ግፊት፣ የውሃ መጠን፣ የጠባቂው ፊርማ። ያ ሁሉም ቦታ ያለ ነው። «በስተመጨረሻ አንድ ዓምድ ጨምርበት» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«‹የሰማ ሰው ፊርማ› በለው።»

ሠላሳ ቅጠል አትሜ በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኩላቸው። ቦይለሩ ያለበት ክፍል ጠባብና ሙቅ ነው፤ ጋኑ ሙሉውን ይዞታል። ጋሽ እንፋሎት ቅጹን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ባዶውን አስቀመጡት። እስክሪብቶውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«በሩ ጋ ቁም» አሉኝ። «ጆሮህን እንዳትይዝ።»

መሰላሉን ወጡ። እጃቸው እጀታው ላይ ደርሶ ለረጅም ጊዜ ሳይስበው ቆየ። ላባቸው በአንገታቸው ወርዶ ሸሚዙን አጣበቀው። ካልከፈተ ምን ይሆናል የሚለውን እሳቸውም እኔም በአንድ ጊዜ ያሰብን ይመስለኛል፤ እግሬ ወደ በሩ ግማሽ እርምጃ አፈገፈገ።

ሳቡት።

ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። ነጭ እንፋሎት ወደ ጣሪያው ቱቦ ተወረወረ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሲዘጋ ጸጥታው ራሱ ይጮህ ነበር። ከላይ አንድ በሽተኛ በመስኮት «ኧረ ጆሯችን! ልንድን ነው የመጣነው!» ሲል ሰማሁ።

ጋሽ እንፋሎት ወርደው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከቱ፤ ያኔ ነው እስክሪብቶውን ያወጡት። ጻፉ፤ ፈረሙ። ለእኔ አቀበሉኝ።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ፈርም።»

ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ስመልስላቸው ከላይ ያለውን አርባ አልጋ አሰብኩ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን፣ አንድ እጁን ጓንት ውስጥ የደበቀውን ሰውም አሰብኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምላሴ ላይ የተቀመጠው ጥያቄ ከእኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ እንደ ወጣ ሁሉ ወጣ።

«ጋሼ... ያን ቅዳሜስ ጮኾ ነበር?»

ጋሽ እንፋሎት የመለኪያውን መስታወት በእጅጌያቸው ጠረጉት። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም ደግመው ጠረጉት።

«ይሄን ተወው» አሉ።